ልጄ ወንበሯን የለቀቀችበት ሳምንት

በ2017 ዓ.ም. በመስከረም፣ ዝናቡ ገና ጨርሶ ሳይወጣ፣ ልጄን ምሕረትን ለማየት ከሐዋሳ ወደ ኦስሎ ሄጄ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ በሰኞው የእህቶች ጸሎት ላይ ሁሉም ይጠይቀኛል። ለአንዷ ይህን፣ ለሌላዋ ያንን ከምናገር ብዬ እንደሆነው በተራ ጻፍኩት። ያደረሰኝ፣ የመለሰኝ ጌታ ይመስገን።

ምሕረት እዚያ ጠበቃ ናት። ሐዋሳ ሕግ ተምራ ነው የሄደችው፤ ትምህርቷ ግን እዚያ አልተቆጠረላትም። ከአንደኛ ዓመት እንደገና ጀመረች። ቀን እየተማረች ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራ ነበር። አሁን ከአከራዮቻቸው ጋር የተጣሉ ተከራዮችን ጉዳይ ይዛ ትሟገታለች። ባለፈው ምርጫ ደግሞ የአካባቢዋ ምክር ቤት አባል ሆናለች። አካባቢውን ቢደል ይሉታል፤ እንደኛ ክፍለ ከተማ ነው። ልጅ ሆና ቦኖ ውኃ ስልካት፣ ባልዲዋን አስቀምጣ በተራ የተጣሉትን ስታስታርቅ የራሷ ተራ ያልፋት ነበር። ያኔ እቆጣት ነበር።

ሐሙስ። በጠዋት ከሐዋሳ ተነሣሁ። የእህቴ ልጅ እስከ አዲስ አበባ ሸኘኝ። ዝዋይን አለፍ እንዳልን የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ፤ ሾፌሩ እስኪቀይር መንገድ ዳር ቆመን ዝናብ መታን። ማታ አውሮፕላን ስገባ ነጠላዬ ገና አልደረቀም። በአውሮፕላን ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ቀበቶውን አሰረችልኝ፤ ምግቡ ሲመጣም ክዳኑን ከፈተችልኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ተለያየን። እስከ ዛሬ እጸልይላታለሁ።

ዓርብ። አውሮፕላን ቀይሬ ኦስሎ ደረስኩ። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ የጉምሩክ ሰው አስቆመኝና ክፈቺው ብሎ በእጁ አሳየኝ። ሽሮውንና በርበሬውን አይቶ አለፈ። ጎረቤቴ በኮሰረት አንጥራ ለምሕረት የላከችውን ቅቤ ሲያገኝ ግን ራሱን ነቀነቀ። ለምሕረት ደወልኩላት፤ ከበሩ ወዲያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ቅቤውን ሊወስዱት ነው» አልኳት።

«ይውሰዱት፣ እማዬ። ከውጭ ማስገባት አይፈቀድም።»

«ማን እንደሆንሽ ንገሪያቸው እንጂ። ጠበቃ ነኝ፣ የምክር ቤት ሰው ነኝ በያቸው።»

«እንደዚያ ብዬ ቅቤ ካስለቀቅኩ ሥራውን ብተወው ይሻለኛል» አለች። «ነይ በቃ፣ ናፍቀሽኛል።»

ሰውየው ቅቤውን ወሰደው። ነገር ግን ያመሰቃቀለውን ልብሴን አንድ በአንድ አጥፎ መልሶ ሻንጣዬን ራሱ ዘጋልኝ። ተናድጄም አመሰገንኩት።

ምሕረት የምትኖረው ትቬይታ ነው፤ ረጃጅም ፎቆች ያሉበት፣ ከበስተጀርባው ጫካ የሆነ ሰፈር። በር ላይ ጫማ ይወለቃል። እኛ ቤት እንግዳ ጫማዬን ላውልቅ ሲል «ኧረ ይተዉ» እንላለን፤ እዚያ ሳያወልቅ የገባ እንደ ባለጌ ይታያል። አልጋዋን ለእኔ ለቅቃ እሷ ሶፋው ላይ ተኛች። እምቢ ብላት አልሰማችኝም። ጠዋት አዛን የለም፣ ቅዳሴ የለም፣ ዶሮ አይጮኽም። ዝምታው ቀሰቀሰኝ።

ቅዳሜ። ቁርስ ላይ ቡናማ አይብ አቀረበችልኝ። እንደ ካራሜላ ይጣፍጣል፤ አይብ ነው ለማለት ይከብዳል። ከዚያ ምድር ለምድር በሚሄደው ባቡር ወደ ሴንትሩም፣ ወደ መሐል ከተማው ወረድን። ቢሮዋን በውጭ አሳየችኝ። ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ሳልሞን የሚሉትን ዓሣ በላን። አጥንት የለው፣ ራስ የለው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሮሶው ከነራሱ ተጠብሶ ካልመጣ ማን ይበላል? ግን ጣፈጠኝ።

እየበላን ስልኳ ጠራ። አየችውና በፊቱ ደፋችው። ደግሞ ጠራ።

«ማነው?»

«ጋሼ ተስፋዬ። ነገ ታገኛቸዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ ሹካዋን አላነሣችም። ምን እንደሆነ ብጠይቃት «የሥራ ነገር ነው» አለችኝ። ስትዋሸኝ አውቃለሁ፤ ይህ ውሸት አልነበረም፤ ግን ሙሉውም አልነበረም።

እሑድ። የእነምሕረት ጸሎት ቤት የራሳቸው ቤት አይደለም። እዚያው ትቬይታ የቢደሉ የሆነ አዳራሽ አለ፤ እሑድ እሑድ ይከራዩታል። ወንበሩን ራሳቸው ደርድረው፣ አምልከው፣ መልሰው ቆልለው፣ ወለሉን ወልውለው ይወጣሉ። እኛ ሐዋሳ ጸሎት ቤታችን ጠበበን ብለን እናማርራለን። እነርሱ በሰው ወለል ላይ ተንበርክከው ሲጸልዩ ሳይ አፈርኩ። እንግዳ ናት ብለው አስነሥተው ዘመሩልኝ፤ አለቀስኩ።

ከአምልኮ በኋላ ነው ነገሩን የሰማሁት። አዳራሹ ለወጣቶች መዋያ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ እሑድንም ይጨምራል። ምክር ቤቱ ሐሙስ ማታ ይወስናል። ውጡ ከተባሉ ሌላ ቦታ የላቸውም። ብዙ ፈልገዋል።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ጋሽ ተስፋዬ ምሳ ወሰዱኝ። ቤታቸው ከከተማው ወደ ደቡብ፣ ፕሪንስዳል በሚባል ሰፈር ነው። ምሕረት ሥራ አለብኝ ብላ ቀረች። ጋሽ ተስፋዬ ሆስፒታል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሀገር ቤት እያሉ አዳማ ላይ የእድር ዳኛ ነበሩ፤ መንገዱን ሁሉ ስለ እድራቸው ሲያጫውቱኝ ደረስን። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር እኔን የሐዋሳ ሰው ናት ብለው ዓሣ ጉላሽ ሠርተው ጠበቁኝ። የቅቤዬን ነገር ሲሰሙ ሳቁ፤ ከጓዳ አንድ ጠርሙስ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«የኖርዌይ ላም ቅቤ ነው፤ ኮሰረቱ ግን የሀገር ነው» አሉኝ። «ለዚህኛው ጉምሩክ የለም።»

በቃኝ ስል ይጨምሩልኛል። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም። ከበላን በኋላ ሁለቱም ብድግ አሉ።

«እትዬ ብርሃኔ» አሉ ጋሽ ተስፋዬ፣ «አንድ ልመና አለን። እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

«ምነው? በገዛ ቤታችሁ ቆማችሁ እኔ ልቀመጥ?»

«ሐሙስ ምሕረት ትናገርልን። በጠበቃነቷ ማመልከቻውን የጻፈችልን ራሷ ናት፤ ጉዳዩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በምርጫው ጊዜ ቤት ለቤት ዞረን ከስሟ ፊት ምልክት አድርጉ ያልን እኛ ነን። አሁን አልችልም ትለናለች።»

«እነግራታለሁ።»

«መንገር አይደለም እትዬ፣ እሺ ማሰኘት ነው» አሉ ወይዘሮ አስቴር። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ምሳ ላይ ሲያሹት አይቻለሁ። አሁን የወንበሩን ጀርባ ይዘው ቆመዋል።

ማየት አልቻልኩም። «እሺ፣ አሰኛታለሁ» አልኩ። ተቀመጡ።

ሰኞ። ምሕረት ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት።

«ቆሙብሽ?» አለች።

«ቆሙብኝ።»

«እኔም ላይ ቆመውብኛል። አብሬያቸው ቆምኩ። መጨረሻ ላይ ሁላችንም ደከመን።» ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «እማዬ፣ በዚህ ጉዳይ እኔ ኢንሀቢል ነኝ። በጉዳዩ እጁ ያለበት ሰው በጉዳዩ ላይ አይወስንም ማለት ነው። ጠበቃቸው ሆኜ ጽፌ፣ ዳኛ ሆኜ ደግሞ ልፈርድ? ሐሙስ ጉዳዩ ሲነሣ ተነሥቼ እወጣለሁ። በቦታዬ ተጠባባቂ ይገባል።»

«ታዲያ ማን ይናገርላቸው?»

«ራሳቸው። ስብሰባው ሲጀመር ማንም ሰው ተነሥቶ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ጋሼ ተስፋዬ ቋንቋውን ከእኔ እኩል ይችላሉ። ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። አንቺም ንገሪያቸው።»

ወዲያው ደውዬ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ተስፋዬ ሳቁ።

«አንዴ እምቢ ማለት ወግ ነው እትዬ። እርስዎስ ትናንት ስንት ጊዜ በቃኝ ብለው ነው የመጨረሻውን ጭልፋ የበሉት?»

«የምሯን ትመስላለች።»

«እርስዎ ፊቷ ቁጭ ብለው ስታይ ዝም አትልም። የእናት ዓይን ነው።»

እኔም በልቤ እንደዚያ ብዬ ነበር። ልጄ ናት፤ ስለምናት እምቢ ብላኝ አታውቅም።

ማክሰኞና ረቡዕ ዘነበ። የእነርሱ ዝናብ እንደ ሐዋሳ ዝናብ ወርዶ አይበቃውም፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ወንፊት ይነፋል። ትቬይታ ካለው የገበያ ማዕከል ዳቦ ልገዛ ብወርድ ከጸሎት ቤቱ አንዲት ወጣት አቅፋ ሳመችኝ።

«እማማ፣ ሐሙስ ምሕረት ትናገራለች አይደል? ሁላችንም እንመጣለን።»

የእኔ እሺ ከእኔ ቀድሞ ሰፈሩን ዞሮታል። ምን ልበላት? «ጌታ ያውቃል» አልኳት። እሷም «ያ፣ ያ፣ አሜን» ብላ ሄደች። እዚያ «አዎ» ማለት ትተው እንደ ኖርዌዮቹ «ያ» ነው የሚሉት።

ምሕረት በእነዚያ ቀናት ብዙም አልበላችም። ስልኳ ሲጠራ በረንዳ ላይ ወጥታ በሩን ትዘጋለች። በመስታወቱ አያታለሁ፤ እጇ ግንባሯ ላይ ነው። ሁለተኛ አልለመንኳትም። ዳቦ ቆርሼ በቅቤው ቀባሁላትና አጠገቧ አስቀመጥኩ።

ሐሙስ። የምክር ቤቱ መሰብሰቢያ ትልቅ አይደለም፤ ክብ ጠረጴዛ፣ ከኋላ ለሕዝብ የተደረደሩ ወንበሮች። የእኛ ሰዎች ሞልተውታል፤ ሴቶቹ ለአምልኮ እንደሚለብሱት ለብሰዋል። ምሕረት ጠረጴዛው ጋ፣ ስሟ ከተጻፈበት ካርቶን ጀርባ ተቀምጣለች። አባቷ ይህን ሳያይ መሞቱ ታወሰኝ። ጋሽ ተስፋዬ አጠገቤ ተቀምጠው በሹክሹክታ ይተረጉሙልኛል።

ሰብሳቢዋ አንድ ነገር ብላ ወደ እኛ ወደ ሕዝቡ ተመለከተች።

«ምን አለች?»

«መናገር የሚፈልግ ሰው አለ ወይ ትላለች።»

«ተነሡ እንጂ፣ ጋሽ ተስፋዬ።»

«ልጃችን እያለችልን?» አሉኝና ክንዴን መታ መታ አደረጉኝ።

ከእኛ ወገን ያልሆነች አንዲት ወጣት ተነሣች። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ የገበያ ማዕከሉ በር ላይ በብርድ እንደሚውሉ ተናገረች። ጋሽ ተስፋዬ ተረጎሙልኝ፤ እውነቷን ነው አልኩ በልቤ። ሰብሳቢዋ እንደገና ወደ እኛ ተመለከተች። ጠበቀች። እኔ የማየው ምሕረትን ነው። እሷ የምታየው ጋሽ ተስፋዬን ነው። ከንፈሯን ነክሳለች። ቋንቋውን ብችል ኖሮ እኔ እነሣ ነበር። ሰብሳቢዋ ወደ ሌላ አለፈች።

የአዳራሹ ጉዳይ ሲደርስ ምሕረት እጇን አነሣች።

«ይኸው» አሉ ጋሽ ተስፋዬ። ከኋላችን ያሉት ቀና ቀና አሉ።

ምሕረት ጥቂት ቃል ተናገረች። ጋሽ ተስፋዬ መተርጎም አቆሙ። ምሕረት ወረቀቷን ሰብስባ ተነሣች፤ አንድ ሹራብ የለበሰ ሰው መጥቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። እሷ ዞራ ወደ ሕዝቡ መጣችና በሌላው ጎኔ ተቀመጠች። እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ሆኗል።

«እማዬ፣ ለምን አልተናገሩም?» አለችኝ በጆሮዬ።

በእኛ በኩል የተናገረ ስላልነበረ ክርክሩ አልረዘመም። እጅ አወጡ። መቁጠር ማንም ይችላል፤ ተርጓሚ አላስፈለገኝም። በጥቂት ሰው ተሸነፍን። እስከ ገና ድረስ ብቻ ቆዩ ተባለ።

ጋሽ ተስፋዬ ተነሡ። «እትዬ፣ ደህና ያምሹ» አሉኝ። ምሕረትን አልፈዋት ወጡ፤ ወይዘሮ አስቴርም መሬት መሬት እያዩ ተከተሏቸው። በር ላይ አንዲት ሴት ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጋ፣ «የሰው ጉዳይ ስትሟገት ትውላለች፤ የእኛ ሲሆን ተነሥታ ወጣች» አለች። ምሕረት ኮቷን ቆለፈች።

ቤት ስንገባ ጫማዋን እንዳደረገች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እዚያ ተቀምጬ ብናገር፣ ብናሸንፍ እንኳ አንድ ሰው አቤት ቢል ውሳኔው ይፈርስ ነበር» አለች። «እነሱም ሌቦች ይባሉ ነበር። በልጃቸው ነው ያገኙት ይባላል። እሑድ እንዴት ነው የምገባው እማዬ? ማን አጠገቤ ይቀመጣል?»

ልጄ ከሀገሯ ወጥታ እዚያ ቤተሰብ ያለችው እነዚያን ሰዎች ነው። ስትታመም ሾርባ ያመጡላት እነርሱ ናቸው፤ ጋሽ ተስፋዬ እንደ አባት ናቸው። የአዳራሹ ነገር አለቀ። የቀረው እሷ ናት። ጫማዋን አወለቅኩላትና አልጋዋ ላይ እንድትተኛ አደረግኩ፤ በዚህ ጊዜ እምቢ አላለችም።

ዓርብ ጠዋት ከሥራዬ አረፍ ልበል ብላ ተኝታ ነበር። ሳልቀሰቅሳት ወጣሁ። በምድር ባቡሩ እስከ ሴንትሩም ደረስኩ፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ከዚያ የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ ጠፋኝ። አንዱ ሾፌር ጋ ሄጄ «ፕሪንስዳል» ስለው ፊቴን አይቶ «እናቴ፣ አማርኛ ነዎት?» አለኝ። የአሥመራ ሰው ነው። ከጀርባው አስቀምጦኝ፣ የምወርድበት ስደርስ ቆሞ በእጁ ቤቶቹን አሳየኝ። እግዚአብሔር ሰው አያሳጣም።

በሩን የከፈቱልኝ ወይዘሮ አስቴር ናቸው። ደነገጡ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ጋሽ ተስፋዬ ሶፋው ላይ ነበሩ፤ ሊነሡ ሲሉ «ይቀመጡ» አልኳቸው። ወይዘሮ አስቴር ወንበር ሳቡልኝ።

«አልቀመጥም» አልኩ። «ልመና አለኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ሆነዋል? ከመንገድ ነው የመጡት» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

«ጋሽ ተስፋዬ፣ እድርዎ ውስጥ የእርስዎ ቤት ጉዳይ ሲመጣ ዳኛው ማን ነበር?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«የአዳማውን ነው የምጠይቅዎት። የእርስዎ ወንድም ከሰው ጋር ተካሶ እድር ፊት ሲቀርብ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ ነበር?»

«አልቀመጥም ነበር» አሉ።

«ምን ያደርጉ ነበር?»

«እነሣ ነበር። ምክትሉ ይቀመጣል፤ እኔ ከሕዝቡ ጋር እሆናለሁ።»

«ወንድምዎ ተቀይሞዎት ያውቃል?»

«ያውቃል» አሉ ጋሽ ተስፋዬ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ብዙ ጊዜ።»

ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ወይዘሮ አስቴር ወንበሩን ሁለት ጊዜ ወደ እኔ አስጠጉት፤ እግሬን ነካኝ፤ አልተቀመጥኩም። ጋሽ ተስፋዬ ወለሉን ያያሉ።

«ምን ብዬ ነው ዓይኗን የማየው?» አሉ በመጨረሻ። «ተናገሩ ስትለኝ ከረመች። እዚያ ቁጭ ብላ ስታየኝ ነበር።»

«ምንም አይበሏት። እሷ ጋ ሄደን አብረን ቁርስ እንብላ። ቅቤው አለ።»

ወይዘሮ አስቴር ወደ ጓዳ ገብተው ዳቦ በፌስታል ይዘው ወጡ። ጋሽ ተስፋዬ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና ከመስቀያው ላይ ጃኬታቸውን አወረዱ።

ያን ጊዜ ወደ በሩ ሄጄ ጫማዬን ላደርግ ተቀመጥኩ።